ሹሩባው እስኪያልቅ

ዓረብ ኤምሬትስ፣ አጅማን ውስጥ ፀጉር ቤት ነበረኝ። ትንሽ ነበረች የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ጁሜይራ፣ የሰው ቪላ ውስጥ፣ የሰው ልጅ ሳሳድግና የሰው ምንጣፍ ስጠርግ ዓመታት ቆይቼ በራሴ ስም በወጣ ንግድ ፈቃድ የከፈትኳት ቤት ናት። ማጠቡንና መተኮሱን አብራኝ የምትሠራው ልጅ ትይዘዋለች፤ ሹሩባ ግን የእኔ ነው። ከዱባይም ከሻርጃም ሐበሻ ሹሩባ ሲያምረው የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ጉራ የሚመስለው ካለ መጥቶ እጄን ይመልከት። አሁን የምሠራው ሻርጃ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የሕንፃው ባለቤት ቤቱን ሊያስለቅቀኝ ከሰሰኝ። ኪራይ አላስቀረሁበት፣ ግድግዳ አላፈረስኩበት። ጎኔ ያለውን ሱቅና የእኔን አንድ ላይ ቀላቅሎ ለትልቅ መድኃኒት ቤት ሊያከራየው ፈልጎ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለእሱ ፈረደ። ጠበቃዬ ሱዳናዊ ነው፤ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ስናደድ ሻይ የሚያስመጣልኝ ሰው። «ያ ኡኽቲ፣ ግድ የለም፣ ይግባኝ እንላለን» አለኝ። እኅቴ ማለቱ ነው። ይግባኙ ገባ።

እኔም ይግባኝ ካልኩ ነገሩ ባለበት ቆመ ብዬ አረፍኩ። እንዲህ ብዬ ማሰቤ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ያደግኩበት ሰፈር ውስጥ በቤቱ ምክንያት የተፈረደበት አንድ ሽማግሌ ነበር። ልቀቅ በተባለ ቁጥር «ይግባኝ ላይ ነኝ» ይላል፤ ጠያቂው ይመለሳል። ልጆቹን እዚያው ዳረ፣ ጣሪያውን እዚያው አሳደሰ፣ ሲሞት እንኳ ይግባኝ ላይ ነበር። ይግባኝ ለእኔ ማለት ያ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ለደንበኞቼ ሁሉ «ነገሩ ቆሟል» ብዬ አበሰርኩ፤ እነሱም እሰይ አሉ። አልፌ ተርፌም ልቀቂ የተባልኩትን ቤት ግድግዳ ቀለም አስቀባሁት። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ለመስተዋት ያምራል።

ቀለሙ በወጉ ሳይደርቅ ስልኬ ላይ በዓረብኛ የተጻፈ መልእክት መጣ። የእኔ ዓረብኛ የማድ ቤት ዓረብኛ ነው፤ እሰማለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ማንበብ ግን አልችልም። ልጄ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ጠበቅኩ። ልጄ ያደገችው ሻርጃ ነው፤ ዓረብኛን እንደ አገሬው ሰው ታነባለች፣ ትጽፋለች። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ የመጨረሻው ፈተና ደርሶባታል። አባቷ አለ፤ ስለ እሱ ግን እዚህ አልጽፍም።

«እማ፣ አፈጻጸም ከፍተዋል» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ቤቱን የምትለቂበት ቀን ተቆርጦልሻል።»

«ይግባኝ ብለናል እኮ!»

«ይግባኙ አላቆመውም እማ።»

በማግስቱ ልጄን አስከትዬ ጠበቃው ቢሮ ዘው አልኩ። ሰላም ማለቱንም ረሳሁት። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮኽኩ፤ ነግሬሽ ነበር አለ፤ አልነገርከኝም አልኩ። በኋላ፣ የመጀመሪያውም ቀን አብራኝ የነበረችው ልጄ እንደነገረችኝ፣ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ያን ቀን የሰማሁት «ግድ የለም» የሚለውን ብቻ ነው። ሻይ አስመጣና እንደገና አስረዳኝ። ይግባኙ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ አፈጻጸሙም በራሱ መንገድ ይሄዳል። አፈጻጸሙን የሚያቆመው እግድ ነው፤ እግድ ደግሞ ለብቻው ይጠየቃል። ዳኞቹ የሚመለከቱት አንድ ነገር ነው። ዛሬ ቤቱን ብትለቂና ነገ ይግባኙን ብታሸንፊ፣ ሊመለስልሽ የማይችል ምን ነገር ይጠፋብሻል?

«ቤቴ!» አልኩት።

«ሌላ ቤት ይገኛል ይላሉ።»

«ደንበኞቼ!»

«እሱም በካሳ ይተካል ይላሉ።»

«ስሜስ?»

«ስምሽን ማን ነካው?» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «የመኖሪያ ቪዛሽ በምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቪዛዬ በንግድ ፈቃዴ ነው። ንግድ ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ የኪራይ ውል የሌለው ሰው ደግሞ ፈቃድ አያሳድስም። ፈቃዱ ከሞተ የእኔ ቪዛ ይሞታል። የእኔ ቪዛ ከሞተ የልጄም ይሞታል፤ የተንጠለጠለችው በእኔ ነዋ። ልጄ ደግሞ ለፈተና የተመዘገበችው በዚሁ አገር መታወቂያዋ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለወንበሮቼና ለመስተዋቶቼ ነበር የምጣላው። ያን ጊዜ ግን ሊወሰድብኝ የነበረው የልጄ ዓመት እንደሆነ ገባኝ።

«ይኼ ነው» አለ ጠበቃው እስክሪብቶውን እያነሣ። «ይኼን እንጽፋለን። አንድ ተማሪ ከፈተናዋ ብትቀር ያ ቀን በምንም አይመለስም።»

እዚህ ላይ ክፉ ግትርነቴ ተነሣ። «አይሆንም» አልኩት። «ልጄን መለመኛ አላደርጋትም። የሰው ቤት ስሠራ እንኳ ልጅ አለኝ ብዬ ለምኜ አላውቅም። ስሟ ፍርድ ቤት አይገባም።»

ልጄ አላየችኝም። በራሴ ላይ አልፋ ቀጥታ ለጠበቃው፣ ጥርት ባለ ዓረብኛ፣ «ስሜን ጻፉት» አለችው። «የተመዘገብኩበትን ወረቀት ነገ ከትምህርት ቤት አመጣለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ «እማ፣ ልመና ማለት የሌለሽን አለኝ ማለት ነው እንዴ? እኔ አለሁሽ እኮ» አለችኝ። ተናደድኩ፤ በሰው ፊት ስለቀደመችኝ በጣም ተናደድኩ። ግን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ በኩራት አብጦ ከወንበሩ ሊያነሣኝ ነበር።

ማመልከቻው ገባ። መልስ ግን ቶሎ አልመጣም። በየቀኑ ጠበቃውን በስልክ አደርቀዋለሁ፤ በየቀኑ «ኢንሻላህ» ይለኛል። እንዲህ እንዲህ ስንል የማስለቀቂያው ቀን ከእግዱ ቀድሞ ደረሰ።

ያን ቀን ጠዋት የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ አል ባርሻ የምትሠራ ልጅ ነበረች። በሚቀጥለው ቀን ወደ አገር ቤት ትበራለች፤ ከመጣች ጀምሮ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ማዳሟ ሙሉ ቀን ለቃታለች። እቅዷን ገና ሳትቀመጥ ነገረችኝ። ወፍራም አልባሶ በፍጥነት አሠርታ ዴይራ ትወርዳለች፤ ለእናቷ ጫማ፣ ለእኅቶቿ ልብስ፣ ለራሷም ሻንጣ ትገዛለች። «እትዬ፣ ያላ በይ፣ ፍጠኝልኝ» ትለኛለች፤ እኔም መፍጠኑን አውቅበታለሁ። የራሷን እኩሌታ ጨርሼ ሌላኛውን አበጥሬ አቁሜዋለሁ።

በሩ ተንኳኳና ጥቁር አባያ የለበሰች ወጣት ሴት ገባች። ከፍርድ ቤት የተላከች ናት። ሁለት ወንዶች አብረዋት መጥተዋል፤ በሩ ላይ ግን «ለሴቶች ብቻ» የሚል ተለጥፏል፤ የሴት ፀጉር ቤት ስለሆነ እነሱ ውጭ ፀሐይ ላይ ቀሩ። ትሁት ናት፤ ትሕትናዋ ይበልጥ አስፈራኝ። ቤቱን ልትረከብ እንደመጣች ነገረችኝ።

«ይግባኝ ብለናል» አልኩ።

«ዐውቃለሁ። እግድ አለሽ?»

«ጠይቀናል።»

«የተጠየቀ እግድ እግድ አይደለም» አለችኝ። «ትእዛዙ ከመጣ እመለሳለሁ። ካልመጣ ሥራዬን እሠራለሁ።»

ያኔ ከአፌ አምልጦ «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ። እኛ ሰፈር ይህ ቃል ሲነሣ የሚደባደብ እጁን ይሰበስባል፣ የሚሮጥ ሌባ እንኳ ይቆማል ይባላል። ሴትዮዋ በእርግጥም ቆመች፤ የቆመችው ግን ስላልገባት ነው። «ምን አለች?» ብላ ማጠቡን የምትይዘውን ረዳቴን ጠየቀቻት። ረዳቴ ላብ አጥምቋት «ዋላሂ፣ ሕግ ታከብራለች ማለት ነው» ብላ ተረጎመችላት። እንዲህ ያለ ትርጉም ሰምቼ አላውቅም፤ ሐሰት ነው ግን አልልም።

ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ያለችውን ልጅ አየቻት። ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ ተኝቷል፤ ግማሹ እንደ ተቆጣ ድመት ቆሟል።

«እሷስ?»

«ጀምሬያታለሁ» አልኩ። «ግማሽ ራስ አሸክሜ ሰው መንገድ ላይ አላወጣም። በዚህች ቤት ተደርጎ አያውቅም፣ ዛሬም አይደረግም። ካስፈለገ አንቺ አስወጫት።»

ሴት ናትና ገባት። ፀጉሯን የምትጠላ ሴት እንኳ እንደዚያ ሆና ከቤት አትወጣም። ሰዓቷን አየች። «እሺ፣ የእሷ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ሌላ ደንበኛ ግን አይገባም። ምን ያህል ይፈጃል?»

አፌን ልከፍት ስል ልጅቱ ቀደመችኝ። የማዳሟን ልጆች እያሳደገች በለመደችው ዓረብኛ «ቀጭን ነው የማሠራው» አለች። ከዚያ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኔን ያዘችና በአማርኛ ቀጠለች።

«እትዬ፣ ፍቺው። ቀጭን አርጊልኝ።»

እስከዚያ የሠራሁላት ወፍራሙን ነው። ቀጭን ሹሩባ ማለት ደግሞ ፀጉር ለሠራ ሰው አይነገርም፤ ቀኑን ይበላዋል። «ዴይራስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ዴይራ የትም አይሄድ።»

«እናትሽ ጫማ ይጠብቃሉ።»

«እናቴ የምትጠብቀው እኔን ነው። ያላ፣ ፍቺው።»

ያቺ ልጅ የልጄን ስም እንኳ አታውቅም። የምታውቀው ቤቴ ሊዘጋ እንደሆነና በዚያ ወንበር ላይ እስካለች ድረስ እንደማይዘጋ ብቻ ነው። ያለችውን አንድ ቀን አውጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ለወንበር የሚዋደቅ ሰው በየቢሮው ሞልቷል፤ ለሌላ ሰው ብሎ ወንበር ላይ ሙሉ ቀን የሚቀመጥ ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የሠራሁትን ፈታሁት።

ረዳቴ የታጠበ ፎጣ የምታቀብለኝ መስላ ጆሮዬ ላይ «ቀስ በይ እትዬ፣ ቀስ» ትለኛለች። ተቆጣኋት። ሹሩባ አዘግይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላዘገየሁም። ልጅቱ ቀጭን አለች፤ ቀጭን ሠራሁ። አንድ በአንድ፣ መስመሩን ጠብቄ፣ ሳላላላና ሳላጠብቅ። ፍርድ ቤት ተመልካች ልኮብኝ የተንጋደደ መስመር ላሳይ? ደግሞስ ሥራ ማዘግየት ማታለል ነው፤ ሥራን በወጉ መሥራት ግን ማታለል አይደለም። ያን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ነገር መሆኑ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ረዳቴን «ጠበቃው ጋ ደውዪ» አልኳት። «ለልጄ ግን እንዳትደውዪ። ክፍል ውስጥ ናት።» ይህን ብዙ ጊዜ ደጋገምኩት መሰለኝ፤ በኋላ «እሺ አልኩ እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ከፍርድ ቤት የመጣችው ሴት መጀመሪያ በሩ አጠገብ ቆመች። ከዚያ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ውጭ ያሉትን ወንዶች ደውላ መኪና ውስጥ እንዲቀመጡ አደረገቻቸው። ቆየችና ተነሥታ ከኋላዬ ቆማ ጣቶቼን ታይ ጀመር። «ያማል?» አለች። «ሥራውን የማያውቅ ሰው ከሠራው ያማል» አልኳት። ልጅቱ አንገቷ ደንዝዞ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እያለ «አያምም» አለች። ውሃ ስንሰጣት አልጠጣም አለች፤ ከጠጣች መነሣት ሊመጣ ነው። ረዳቴ «እናትሽ ይህን ራስ አይተው የማን ልጅ ናት እንዳይሉ» ብላ ስትቀልድባት ሦስታችንም ሳቅን፤ ሴትዮዋም ሳይገባት ፈገግ አለች።

አንድ ጎን አለቀ። ማጅራቱ አለቀ። ጠበቃው ስልክ አያነሣም። ወደ ሁለተኛው ጆሮ ስጠጋ የቀረውን ፀጉር በዓይኔ ለካሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የሰው ፀጉር ቢበዛ ብዬ ተመኘሁ። ልጅቱ ከእጄ ታውቋት መሰለኝ «እትዬ፣ ፊት ለፊት ያለውን ደግሞ ቀጭን በቀጭን አርጊልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ ድምፄ ግን ወፍሮ አልወጣም።

ከግንባሯ በላይ ጥቂት ሲቀር ስልኩ ጮኸ። ረዳቴ አንሥታ ወደ ጆሮዬ አስጠጋችው። ጠበቃው፣ ያ ዝግ ብሎ የሚናገረው ሰው፣ እየሮጠ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። «ወጥቷል! ያ ኡኽቲ፣ እግዱ ወጥቷል!»

«እግዱ መጥቷል» አልኩ ለሴትዮዋ።

«ከስልክሽ አልቀበልም» አለች። ክፋት አልነበረበትም። የራሷን ታብሌት ከፍታ መዝገቡን ፈለገች። ያ ጊዜ ረዘመብኝ። ማበጠሪያውን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ልጅቱ በመስተዋቱ ውስጥ ሴትዮዋን ትመለከታለች። ሴትዮዋ አነበበች፣ ወደ ላይ መልሳ እንደገና አነበበች፣ ታብሌቷን ዘጋች።

«ኸላስ» አለች። «ይግባኙ እስኪወሰን ታግዷል። ሙሽኪላ የለም።» በሩ ላይ ደርሳ ዞረችና ወደ ልጅቱ ራስ በአገጯ እያመለከተች «ጨርሺላት» አለችኝ።

ረዳቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ውጭ ያሉት ወንዶች የሞተ ሰው ያለ መስሏቸው ከመኪናው ወርደው እየሮጡ መጡና «ለሴቶች ብቻ» የሚለውን ሲያዩ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እኔ እልል አላልኩም። የቀረችውን ጥቂት ፀጉር ጎነጎንኩ፣ ጫፉን አሠርኩ፣ ቅባት አስነካሁት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ስመለስ ቤቱን ዘግተን ልጅቱን ይዘን ታክሲ ተሳፍረን ዴይራ ወረድን። ጫማውን እኔ ተከራክሬ ገዛሁላት፤ ሻጩ እስካሁን የረሳኝ አይመስለኝም።

ልጄ ስትሰማ «ለምን አልደወላችሁልኝም?» ብላ ተቆጣች። ክፍል ነበርሽ አልኳት። ከዚያ በኋላ ፈቃዱን አሳደስኩ፤ ቪዛዎቹም ታደሱ። ልጄ ስታጠና ቤት ውስጥ በእግር ጣቴ ነበር የምሄደው። ፈተናዋን ተፈተነች፤ ውጤቱ ሲመጣ የምትፈልገው ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ሆኖ ተገኘ። አባቴ በሕይወት ኖሮ የልጅ ልጁ የት እንደደረሰች ባየ እያልኩ ጎረቤቶቼን አሰለቸኋቸው።

ይግባኙ የተፈረደው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚህ አገር የበጋ ሙቀት መካከል። ልጄ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ስልኩን ይዛ አነበበችውና ቀና አለች።

«እማ፣ ተሸንፈናል። ልቀቂ ይላል።»

ልታባብለኝ አልሞከረችም፣ አላለሳለሰችውም። ወደድኩላት። «አንብቢልኝ» አልኳት፤ «ምንም ሳትዘልይ።» እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በዓረብኛ እያየች በአማርኛ ነገረችኝ። ባለቤቱ መብት አለው ይላል፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበትን ቀን አክብሯል ይላል። አላዘንኩም ማለት አልችልም፤ ያን አረንጓዴ ግድግዳ እወደው ነበር። ግን ሰምተውኛል። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች የሚሉት ለካ እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ወደ መጨረሻው ስትደርስ ድምጿ ዝግ አለ። «እግዱ ተሰጥቶ የነበረው ተማሪዋ ከፈተናዋ እንዳትስተጓጎል ነው። አሁን ተማሪዋ ትምህርቷን ስላጠናቀቀች እግዱ የሚቀጥልበት ምክንያት የለም።»

«ድገሚው» አልኳት።

«የቱን?»

«እግዱን ያነሡበትን።»

ደገመችው። ተማሪዋ ትምህርቷን ስላጠናቀቀች። ቤቴን የሚወስድብኝ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የሚጥም ነገር ጆሮዬ ሰምቶ አያውቅም። ፍርድ ቤት ነው የጻፈው፤ ማንም አይሽረውም። ሦስተኛ ጊዜ አስነበብኳት፤ ከዚያ ተነሥቼ ወንበሮቼን ላወጣ ወደ አጅማን ሄድኩ።